ለሰው የሚሆን መውረጃ

መጀመሪያ የሄድኩት ለምስክር ወረቀቱ ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። የፊዚዮቴራፒ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የግቢያችን የበጎ ፈቃድ ክበብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአረጋውያን ጋር ለሚውል ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ወረቀት እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሥራ ስፈልግ ይጠቅመኛል ብዬ ተመዘገብኩ።

የአረጋውያን መኖሪያው ከቁስቋም ዝቅ ብሎ፣ ባጃጅ ከሚያወርድበት ኮብልስቶን ትንሽ በእግር የሚያስኬድ ግቢ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ ያህል ሆነን፣ ክበቡ ያሳተመውን ቲሸርት ለብሰን፣ ሳሙናና ብስኩት ተሸክመን ገባን። ጥፍር ቆረጥን፣ ፀጉር አጠብን፣ አንሶላ ቀየርን። ከዚያ ፎቶ መነሳት ተጀመረ። በወንዶቹ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር የተኙ አንድ ሽማግሌ ግን ስልኩ ወደሳቸው ሲዞር ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ጎትተው ተሸፈኑ።

«ምነው አያ? አንድ ብቻ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ተነሱ፣ እናንተ ተነሱ» አሉኝ ከጋቢው ውስጥ። «እዚህ ፎቶ የተነሳ ሁሉ ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም።»

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ይህ ንግግር ሲከነክነኝ ቆየ። እውነታቸውን መሆኑ ነው የከነከነኝ፤ እኔም ለወረቀቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ልመላለስ ነበር ያሰብኩት። ቆላ ድባ ያለችው እናቴ፣ «ይችን ልጅ አትችይም ካሏት አለቀ፤ ሳታደርገው አትተውም» ትላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሃያዎቹ ዘጠኝ ስንመጣ አንዷ እኔ ነበርኩ። በቀጥታ ሄጄ ከሽማግሌው አልጋ ጎን ተቀመጥኩ።

«መጣሽ?» አሉኝ ብቻ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ታሪካቸውን የነገረችኝ የመኖሪያው ኃላፊ ነበረች፤ ወይዘሮ ናት፣ ቁልፍ ከእጇ የማይለይ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ፤ ሐኪም ቤት በቀዶ ሕክምና ተጠገነላቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ጎረቤቶቻቸው አምጥተው እዚህ ካስገቧቸው ከዓመት በላይ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ዎከር የሚባለው ባለ አራት እግር መደገፊያ ብረት ተሰጥቷቸው ነበር። አልጋው ሥር አቧራ ለብሶ አየሁት።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አልጋው ራስጌ ያለው የውሃ ኩባያ ጠዋት ሙሉ ነው፤ ከሰዓትም ሙሉ ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ክንዳቸውን ቆንጠጥ ሳደርገው ቆዳው እንደተነሳ ይቀራል።

«አያ፣ ውሃ ምነው አይጠጡም?»

ኩባያውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት።

«ያምዎታል?»

«አንች ልጅ አትተይኝም?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚች ከተማ ስንት የድንጋይ ቤት የቆመው በዚህ እጄ ነው። ዛሬ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ፖፖዬን ይዛ በሰው ፊት ታልፋለች። ካልጠጣሁ ሽንቱም አይመጣም። ገባሽ?»

ገብቶኛል። ያን ጊዜ ማድረግ የሚገባኝ ማጽናናት ነበር ይሆናል። እኔ ግን ያየሁት በሩን ነው። ከበሩ ውጭ አራት የድንጋይ ደረጃ፣ ከደረጃው በታች ግቢ፣ ከግቢው ማዶ ሽንት ቤት። ሩቅ አይደለም።

«እዚያ ድረስ በራስዎ ቢሄዱስ?»

«በምን እግሬ?»

«በእነዚህ» ብዬ ብርድ ልብሱን ነካሁ።

አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። እጃቸውን ሰደው ኩባያውን አነሱና አንድ ጉንጭ ጠጡ።

መምህራችንን ለምኜ አመጣኋት። እግራቸውን አገላብጣ አየች፣ የሕክምና ወረቀታቸውን አነበበች፣ ከዚያ በረንዳ ላይ አወጣችኝ። «አጥንቱ ገጥሟል። የሌለው ጡንቻው ነው። ወራት ይፈጃል። መሃል ላይ የምታቋርጪ ከሆነ ግን አሁኑኑ ተይው፤ ሰውን ሁለት ጊዜ መጣል ነው የሚሆነው» አለችኝ። እንዴት እንደማሠራቸው በወረቀት ጻፈችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቅዳሜው ሌላ ረቡዕ ከሰዓትም መሄድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ። ቀጥሎ ጉልበትን ማንሳት። ከዚያ እኔና አንድ አስታማሚ ደግፈናቸው መቆም። እግራቸውን ባነሱ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ፤ አቆጣጠራቸው የግንበኛ ነው። «አንድ ረድፍ! ሁለት ረድፍ! ሦስት ረድፍ!» ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሽማግሌዎች፣ «ቤቱ ጣሪያ ሊደርስ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

ሁሌ ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ረቡዕ ሕመሙ ጠናባቸውና ጋቢውን ተሸፍነው እምቢ አሉ። እኔም ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው፣ «አትሄጅም?» አሉ።

«አልሄድም።»

«ፈተና የለብሽም?»

«አለብኝ። እዚሁ አጠናለሁ።»

«ምን ዓይነት ልጅ ናት እመቤቴ!» አሉና እግራቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ።

ጥር ላይ በዎከሩ እየተደገፉ ከአልጋቸው እስከ በሩ ደረሱ። በሩ ላይ ቆመው ግቢውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ፀሐዩ ነው ብለው ካዱ። ከዚያ ወደ ታች ተመለከቱ። አራቱ ደረጃ ከፊታቸው ነው። ዎከር ደረጃ አይወርድም።

ከበጎ ፈቃደኞቹ መካከል አንድ የማክሰኝት ልጅ ነበር፤ የሲቪል ምህንድስና አራተኛ ዓመት። ዕቃ ከመሸከምና ጣሪያ ከመጠገን በቀር እስካሁን የረባ ሥራ አልተሰጠኝም ብሎ ሲያጉረመርም የከረመ ነው። «እኔ ራምፕ እሠራለሁ» አለ። ከአንድ ግንባታ ቦታ ሲሚንቶና አሸዋ ለምኖ መጣ። ጓደኞቹን ሰብስቦ በሁለት ቀን ደረጃውን ሸፈኑትና ልስልስ ያለ መውረጃ አደረጉት። ያምራል። ሁላችንም አጨበጨብንለት።

ሲሚንቶው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ አንድ ማለዳ ሽማግሌውን ይዤ ወጣሁ። ጤዛ ነበር። ዎከሩ መውረጃውን እንደነካ ወደፊት ሸሸ። ወገባቸውን አቅፌ ይዣቸው ነበርና ሁለታችንም በቂጣችን ተንሸራተን ታች አረፍን። የተሰበረ የለም። ሽማግሌው መሬት ላይ እንደተቀመጡ፣ የጠየቁት ስለ እግራቸው አልነበረም።

«ይህን የሠራው ማነው?» አሉ።

ኃላፊዋ ሮጣ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ማራመድ የለም» አለች። «ገላ አጥቡ፣ ልብስ እጠቡ፣ አጫውቱ። እናንተ ነገ ተመርቃችሁ ትሄዳላችሁ። እሳቸው ዳግመኛ ቢሰበሩ አብሬያቸው የምቀረው እኔ ነኝ።»

ይህም እውነት ነው። ሰኞና ማክሰኞ መጽሐፍ ከፍቼ አንድ ገጽ ሳላነብ ዋልኩ። መምህሬ ያለችኝ ትዝ ይለኝ ነበር፤ መሃል ላይ ማቋረጥ። ረቡዕ ከክፍል እንደወጣሁ በቀጥታ ኃላፊዋ ቢሮ ሄድኩ።

«እትዬ፣ እግራቸው አልከዳቸውም። የከዳን መውረጃው ነው።»

«እና?»

«እና ይስተካከላል። አሁን ካቆምን ግን ከዚያ አልጋ አይነሱም። ውሃ መጠጣትም ይተዋሉ።»

«አንች አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ።»

ቁልፎቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲደረድሩ የኖሩ ሰው እዚሁ ቤት ውስጥ ተኝተው፣ እናንተ ማንን ጠይቃችሁ ነው የገነባችሁት?» አለችኝ። «መጀመሪያ እሳቸው ይዩት። እሳቸው ይሁን ካሉ፣ መምህርሽም ቆማ ካየች፣ እኔም እሺ እላለሁ።»

እንዴት እንዳላሰብነው እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ወንበር በሩ ላይ አወጣንላቸውና ተቀመጡ። የማክሰኝቱ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

«አንተ ነህ?»

«አዎ አያ።»

«ለውሃ ነው ለሰው የሠራኸው?»

«ለሰው ነው።»

«ለውሃ መውረጃ ሸጋ ነው። ለሰው ግን አይሆንም፤ ቁልቁለት ነው፣ ልስልስ ነው። አፍርሰው።»

ልጁ ተናደደ። «አያ፣ አስልቼ ነው የሠራሁት» አለ።

«ስሌትህ ዎከር ይዞ ወርዶ ያውቃል?» አሉት። «እስቲ ያዘው። አንድ እግርህን እንዳታጥፍ።»

ልጁ ዎከሩን ተቀበለ፤ አንድ እግሩን አድርቆ መውረድ ጀመረ። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ብረቱ ከእጁ ሊያመልጥ ሲል ግድግዳውን ተደገፈ። ማንም አልሳቀም። ጆሮው ቀልቶ ዎከሩን መለሰ፤ ሳይሰናበት ከግቢው ወጣ። ተመልሶ የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከሁላችን ቀድሞ፣ መዶሻ ይዞ ደርሷል። እኛ ስንገባ የገዛ ሥራውን ግማሹን አፍርሶታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሽማግሌው ሥራ ነው። ከራስጌያቸው ካለ ከረጢት ውስጥ የድሮ ቱንቢያቸውን፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበትን ባለ ክብደት ገመድ፣ አወጡ፤ ሌላ መሣሪያ አልቀራቸውም። መውረጃው ከበሩ ቁልቁል እንዳይወርድ፣ ግድግዳውን ታክኮ እስከ ጥጉ ረጅም ሆኖ እንዲሄድ፣ ጥጉ ላይ ማረፊያ ሜዳ ኖሮት እንዲዞር ሲባጎ አስወጠሩ። ከግቢው ጀርባ የተከመረውን ድንጋይ በባሬላ ተሸከምን። እኔ እጄ ውሃ ቋጠረ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው አንዱን ድንጋይ ተቀብለው አገላብጠው፣ ጠፍጣፋ ገጽ ካጡበት፣ «ይህ ፊት የለውም፤ መልሱት» ይላሉ። አንዳንዱን ሦስት ጊዜ መለስነው። የምህንድስናው ልጅ መጀመሪያ አኩርፎ ይታዘዝ ነበር። በኋላ ከወንበራቸው ሥር ቁጢጥ ብሎ ማስታወሻ ይይዝ ጀመር፤ እሳቸውም ስሌቱን እንዲያስረዳቸው ይጠይቁታል።

እኔ የማየው ሌላ ነበር። ሥራው ላይ ለመገኘት በየጊዜው ከአልጋ መነሳት አለባቸው። አንድን ማዕዘን ለማየት ይቆማሉ፤ ጥግ ያለውን ለማየት በረንዳው ላይ ይራመዳሉ። ከወረቀቴ ላይ ካለው የበለጠ እየሠሩ ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ፣ «ኧረ ውሃ አምጡ!» ይላሉ።

ከሁሉም ያከራከረው ሲሚንቶው ነበር። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫፍ አግድም አግድም እንድንጭረው አዘዙ። «ቆንጆ ባይሆንስ? እግር ይያዝ እንጂ» አሉ። የውሃ ቧንቧ ብረት በያጅ ጋ ወስደን መደገፊያ አሠራን፤ ቁመቱን በራሳቸው ክንድ ለኩት። ጾም ገብቶ ነበር፤ ለፈተና ብለው የቀሩ ቀሩ። ስንጨርስ አምስት ነበርን።

መምህራችን በመጣችበት ቀን ኃላፊዋም ከታች ቆማለች። ሽማግሌው በቀኝ እጃቸው ብረቱን ይዘው፣ በግራቸው ዎከሩን የተካውን ምርኩዝ፣ እኔ ከኋላ ሳልነካቸው፣ ወረዱ። ማረፊያው ላይ ቆመው ተነፈሱ። ማንም እንዲናገር አልፈለጉም፤ እጃቸውን አንስተው ዝም አስባሉን። ከዚያ ዞረው ቀሪውን ወረዱና ግቢውን አቋረጡ። የሽንት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ወደኔ ዞረው፣ «እዚህ ድረስ ነው፤ ተመለሽ» አሉኝ። ተመለስኩ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ረቡዕ ስገባ አልጋቸው ባዶ ነበር፤ አንሶላው ተነጥፏል። በአረጋውያን ቤት የተነጠፈ ባዶ አልጋ ምን ማለት እንደሆነ በእነዚያ ወራት ተምሬአለሁ፤ ሁለት አልጋ እንደዚያ ሲሆን አይቻለሁ። ሮጬ ወጣሁ፤ በረንዳው ላይ የሉም፣ ግቢው ውስጥም የሉም። ሳላስበው የሽንት ቤቱን በር ደበደብኩ።

«ሰው አለ!» አሉ በቁጣ። «ምነው? በሰላም አያስቀምጡም እንዴ!»

ግቢው መሃል ቆሜ ብቻዬን አለቀስኩ፣ ሳቅሁም።

ሲወጡ ሁኔታዬን አይተው ምንም አልጠየቁኝም። እጃቸውን ከቧንቧው ውሃ ታጠቡ፤ አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በምርኩዛቸው ወደ ሴቶቹ መመገቢያ ቤት ጠቆሙ። እዚያ በር ላይ አንዲት እናት አስታማሚ እስኪመጣላቸው የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል።

«ያ ደረጃ ሦስት ነው» አሉ። «ድንጋዩ አለ። ቅዳሜ ስንት ልጅ ታመጫለሽ?»

«አምስት ነን አያ።»

«አምስት ይበቃል» አሉ። «በጠዋት ኑ።»