ዶላር ሃያ ሰባት ብር የሚገባበት ዓመት

ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው፤ ማለቴ መስኮት የነበረበትን ቦታ። በብሎኬት ደፍነውታል። ያሰሩኝ ግቢ ኮልፌ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ። ከብሎኬቱ ማዶ የታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች! የቀረው አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። ሱቄ እኮ እዚያው ጦር ኃይሎች ነው! እኔ ግን ሽንት የሚሸት ሲሚንቶ ላይ ቆሜያለሁ። ሌላው ሰው ሲያወራ «አልፈራሁም» ይላል። እኔ ፈርቼ ነበር።

የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ዶላር በጨመረ ቁጥር የፍሬን ሸራ ይጨምራል፤ ደንበኛ ደግሞ የሚሰድበው እኔን ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ትማር ነበር። ለትምህርቷ ብላ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ዶላር በየዓመቱ በስንት ብር እንደተመነዘረ በእጇ ጽፋ ጠረጴዛ ላይ ትታው ነበር። ከሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ይነሳና መቶን አልፎ ይሄዳል። እኔ ቀልቃላው ፎቶ አንስቼ የነጋዴዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፤ «ደንበኞቻችን ሆይ፣ ሌባው እኛ አይደለንም» ብዬ። ብዙም ሳይቆይ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ሱቄ መጡና «ለጥቂት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«በምን መጣህ?»

«በዶላር።»

«ስትመነዝር ያዙህ?»

«አይ፣ ስለ ምንዛሪ ለጥፌ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የጠየቁህን ብቻ መልስ። የሰው ስም እንዳትጠራ። የጠራኸው ሰው ሌላ ይጠራል፤ ክፍሉ ደግሞ እንደምታየው ሞልቷል።»

ጠዋት መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ እሱ አንተ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። ስልኬን ፊቴ ላይ ደቀነው። ፎቶው ተከፍቷል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የምንዛሪ ዋጋ ነው። የድሮ።»

«የድሮ?» ጣቱን ከታች ካሉት መስመሮች አንዱ ላይ አሳረፈ። «2018 ይላል። አሁን ስንት ነው?»

«2017።»

«ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ዶላር ከመቶ ምናምን በአንዴ ሃያ ሰባት ብር ይገባል። ምን ልታደርጉ ነው? 2024 ላይ ደግሞ መልሶ መቶ ያልፋል። የሰባት ዓመት እቅድ ነው ያላችሁ ማለት ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ልጄ ዓመቱን የጻፈችው በፈረንጅ ነው! እሷ 2018 ያለችው እኛ 2010 የምንለውን ነው። ሰውዬው በእኛ አንብቦት ያለፈውን የሚመጣ አድርጎታል። ይኸው ዛሬ የእኛም 2018 ገብቷል፤ ዶላር በሃያ ሰባት ብር የሚሸጥልኝ ካለ ሱቄ ክፍት ነው።

«ጌታዬ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር እኮ ነው» አልኩ።

ጣቶቹን እያጠፈ ስምንት ቀነሰ። ማፈሩ ፊቱ ላይ ታየ፤ ከቁጣው ይልቅ ኀፍረቱ አስፈራኝ።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ የፍሬን ሸራ ሻጭ ነህ። ደረሰኝህን የምትጽፈው በእኛ ዓመት ነው፣ አይተነዋል። በፈረንጅ የሚጽፍልህ ማነው?»

ክው አልኩ። ራሴን አወጣሁ ብዬ ልጄን ላስገባት ነው!

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ሞኝህን ፈልግ! ስሙን ንገረኝና ዛሬ ቤትህ እደር። ቤተሰብ የለህም?»

«አለኝ» አልኩ። ቤቴ ዘነበወርቅ ነው፤ ልጄ በዚያ ሰዓት ቁርስ ላይ ናት። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ብሎኬቱ ስር ተቀምጣ ታየችኝ።

ወረቀትና እስክሪፕቶ ገፋልኝ። «እንግዲያው ቁጥሮቹን ጻፋቸው። እናስተያያለን።»

አለቀልኝ አልኩ። የልጄ ጽሕፈት ቁልጭ ያለ ነው፤ የእኔ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እስክሪፕቶውን ስይዝ ግን እጄ እምቢ አለ። ይንቀጠቀጣል። በሌላው እጄ ደግፌ ጻፍኩ፤ ቁጥሮቹ የእሷንም የእኔንም አይመስሉም። መርማሪው አየና «ዶሮ የጫረው ነው እኮ!» አለ። ፍርሃት ሰው ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳልታዘዝ ከስሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ይህን የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።» ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ቤቴ አላደርኩም። ሳምንታት አቆይተው ያለ ክስ ለቀቁኝ። መርማሪው የጠየቀኝን ለቤተሰቤ አልተናገርኩም፤ ምን ይጠቅማል ብዬ።

ልጄ በቅርቡ ተመረቀች። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አባዬ፣ ያኔ ስትታሰር እኮ የግቢው በር ድረስ መጥቼ ነበር» አለችኝ።

«ምሳ ልታመጪልኝ?»

«አይ። ጽሑፉ የኔ ነው ልላቸው። ለራሴ ልብስም ይዤ ነበር። ዘበኛው ‹ዛሬ ጥየቃ የለም፣ ሂጂ› ብሎ መለሰኝ። በማግስቱ ድፍረቱ ጠፋብኝ፤ ሳልመለስ ቀረሁ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መርማሪው ፊት እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

«ፈሪ ነኝ አይደል?» አለች፤ ድምፅዋ ለቅሶ ለቅሶ ይላል።

«በአባትሽ ወጥተሽ ነው» አልኳት። «እንኳንም ፈራሽ።»