ፈረሱ ታመመች

ባለፈው ሳምንት ልጄን እዚሁ ወላይታ ሶዶ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ሐኪሟ የበሰበሰውን መንጋጋ ነቅላ ሳህን ላይ ስታስቀምጠው አንድ ሽታ ብድግ ብሎ ክፍሉን ሞላው። ልጄ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ሐኪሟ ደም የፈራሁ መስሏት “እናትየዋ ትብሳለች” ብላ ሳቀች። ደምስ አልፈራም፤ ስንት ላም አዋልጃለሁ። ያንን ሽታ ግን አውቀዋለሁ። ያወቅሁት ቤሌ ከተማ ስሠራ ነው፣ ከአንድ የጋሪ ፈረስ ቀኝ አፍንጫ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከኮሌጅ የወጣሁበት ዓመት ነበር፤ በእንስሳት ጤና ተመርቄ ቤሌ ክሊኒክ ተመደብኩ። ነጭ ጋውኔን በየጠዋቱ እተኩስ ነበር፤ ከጋውኑ በላይ ግን የምኮራው በአማርኛዬ ነበር። ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ሶዶ ተወልጄ ሶዶ አድጌ፣ ወላይትኛዬ “ስንት ነው” እና “ቀንሺ” ከማለት አያልፍም ነበር። ይህም አያሳፍረኝም ነበር።

ባለጋሪው በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ መጡ። አባቴን የሚያክሉ፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ካሳቫና ስኳር ድንች የሚያመላልሱ ሰው ነበሩ። ዳማ ፈረሳቸው ከጋሪው ተፈትቶ አጠገባቸው ቆሟል፤ ከቀኝ አፍንጫው ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፣ ዝንብ ወርሮታል። ቤት ውስጥ ስድስት ነፍስ የሚያድረው በዚያ ፈረስ ጉልበት ነበር።

“ፈረሱ ታመመች” አሉኝ። “አፍንጫዋ ትሸታለች። ሳር ስትበላ ደግሞ...”

“ታመመ ይበሉ እንጂ አባባ” አልኳቸው። “ወንድ አይደል እንዴ?”

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሳቀ፣ ወረፋ የሚጠብቁትም ሳቁ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። አንድ ነገር ሊያወጡ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከትተው ነበር፤ ባዶውን መለሱት። አይቻለሁ፤ ምን ሊያወጡ እንደነበር ግን አልጠየቅሁም።

ጉንፋን ነው አልኩ። አምስት ቀን ፔኒሲሊን ወጋሁት፤ ፈሳሹ ሲቀንስ ራሴን ጎሽ አልኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብሶበት ተመለሰ፤ ደግሜ ወጋሁት። ጉንፋን ከሁለቱም አፍንጫ እንደሚወርድ፣ በአንዱ በኩል ብቻ የሚወርድና የሚሸት ፈሳሽ ግን ሌላ ምክንያት እንዳለው ክፍል ውስጥ ተምሬ ፈተናውንም አልፌ ነበር። ሲመጡ “ይበላል?” እላለሁ፤ “አዎ” ይላሉ። “ይጠጣል?” “አዎ።” ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይወጣቸውም። እኔም ዝምተኛ ሰው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ፈረሱ ግን ከስቶ ሙሉ ጭነት መሳብ አቃተው፤ በገበያ ቀን ጋሪው በግማሽ ጭነት ሲያልፍ አየው ነበር።

በሦስተኛው ወር ክትባት ሊቆጣጠር ከሶዶ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ፈረሱን ግቢው ውስጥ አየው። ከፈረሱ ዓይን በታች ያለውን አጥንት በሁለት ጣቱ አንኳኳ፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። “ስሚ” አለኝ። ግራው እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል፤ ቀኙ ውሃ እንደሞላ እንስራ ድፍን ነው። ፊቱ ውስጥ አየር ሊኖርበት የሚገባውን ክፍተት መግል ሞልቶታል። ከዚያ ሐኪሙ ወደ ባለጋሪው ዞሮ በወላይትኛ ጠየቃቸው።

እኒያ ዝምተኛ ሰው አወሩ፣ አወሩ። እጃቸው እንደ መንጋጋ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ አንገታቸው ወደ ግራ ሲያዘነብል ቆሜ አየሁ። ሐኪሙ እየቆየ ይተረጉምልኝ ነበር፤ ፈረሱ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይደነግጣል፣ ሳሩን ሳይውጥ አድቦልቡሎ ይጥለዋል። በመጨረሻ ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ታኝኮ የወደቀ የሳር ድቡልቡል ነበር። የመንጋጋው ጥርስ ስሩ በስብሶ፣ መግሉ ወደ ላይ ወደ ፊቱ ገብቷል ማለት ነው።

“በመጀመሪያው ቀንም ይዤ መጥቼ ነበር ነው የሚሉት” አለኝ ሐኪሙ። “ለምን አላሳዩአትም ስላቸው፣ ልጅቷ በአማርኛዬ እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው አሉ።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ።

በማግስቱ ፈረሱን አደነዘዝነውና ሐኪሙ ከዓይኑ በታች አጥንቱን በስቶ ከፈተው። መግሉ ወረደ፣ ጥርሱ ወጣ፣ ያ ሽታ ግቢውን ሞላው። ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠብነው። አጥንቱ ግን ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ነበር። “በጊዜው ቢሆን ቀላል ነበር” አለ ሐኪሙ ቀዳዳውን እያየ። ማንንም ሳያይ ነው ያለው፤ ለእኔ ግን ደረሰኝ።

ቀዳዳውን ማጠቢያ ትልቅ የፕላስቲክ መርፌ ለባለጋሪው ሰጥቶ አስተጣጠቡን አሳያቸው። እኔም ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በቤታቸው በኩል እዞር ጀመር። ውሃው ሲገባ ፈረሱ ግንባሩን ደረታቸው ላይ አስደግፎ ይቆማል፤ እሳቸው በወላይትኛ ያባብሉታል፣ እኔ ባልዲውን እይዛለሁ። ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ በየትኛው ቋንቋ እንደምለው ጨነቀኝ። በአማርኛ ማለት ከበደኝ። በወላይትኛ እንዳልል ደግሞ ተሳስቼ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። አዎ፣ እኔ ፈራሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለክትባት ገጠር ወጥቼ ሁለት ቀን ቆየሁ። በተመለስኩበት ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። መርፌውን አጥበው በፌስታል ጠቅልለውታል። አቀበሉኝ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሚሉትን እየተለማመዱ ነበር።

“ፈረሱ ሞተ” አሉኝ።

ከዚያም ትክክል ብለው እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አዩ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩላቸው።