ሳንደውል የሄድንበት ማለዳ

ሃርሊንግ የሚባለውን ጨዋታ ያወቅሁት መኪና አቁሜ ነው። እሁድ ከቸርች ወደምንኖርበት ወደ ኢገን ስንመለስ፣ ሴይንት ፖል ውስጥ አንድ ፓርክ አጠገብ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ዱላ ትንሽ ኳስ ሲለጉ አየሁ። የገና ጨዋታ መሰለኝ። ወርጄ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ልጄ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ በሱፍ ልብስ አጥር ላይ ተለጥፎ የሰው ጨዋታ ሲያይ አፍራ ከመኪናው አልወጣችም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዱላ ይዛ ሜዳ የገባችው እሷ ናት። እኔም ከዚያ ወዲህ ከዚያ ሜዳ አልጠፋሁም።

ክለቡን ያቆሙት ሁለት የአየርላንድ ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ስልሳውን አልፏል፤ ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ሲሠራ ኖሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው ሰው ነው። ሚኔሶታ የገባ ሰሞን አብሮት የሚጫወት አጥቶ፣ በየሥራ ቦታው የአገሩን አነጋገር የሰማበትን ሁሉ እየለመነ ቡድን ሠራ። ታናሽየው በኋላ መጥቶ የልጆቹን ቡድን ያዘ። እያደር የአገራቸው ልጆች እያነሱ፣ የእኛና የሌላው ስደተኛ ልጆች እየበዙ ሄዱ። ታላቅየው በዚህ ቅር ያለው አይመስለኝም። ዱላ በያዘ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው።

እኔ አንድ አፓርታማ ውስጥ ሜይንተናንስ እሠራለሁ፤ መሣሪያ ከመኪናዬ አይጠፋም። የዚህ ጨዋታ ዱላ ደግሞ በየግጥሚያው ይሰነጠቃል። አዲሱ ከአየርላንድ ተጭኖ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ታላቅየው አንድ ቀን መኪናዬ ውስጥ መዶሻና ሙጫ አየና፣ የተሰነጠቁ ዱላዎች የሞሉበት ከረጢት የኋላ ወንበሬ ላይ ወርውሮ ሄደ። ሹመቴ ይህ ነው። ስንጥቁን በሙጫ አጣብቄ፣ ጫፉን በቀጭን ቆርቆሮ አስሬ፣ መያዣውን በቴፕ ጠቅልዬ እመልሳለሁ። አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም፤ ዱላውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርግና ይወስዳል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ በኋላ ለመድኩት።

ነገሩ የተበላሸው እናታቸው የሞተች ጊዜ ነው። ታናሽየው የዚያኑ ዕለት አውሮፕላን ተሳፈረ። ታላቅየው ቅዳሜ የልጆቹ ግጥሚያ ስላለ አልሄድም አለ። ግጥሚያው እኮ ጥቂት ወላጆች በታጣፊ ወንበር ላይ ሆነው የሚያዩት ግጥሚያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቱ በምትቀበርበት ሰዓት፣ እሱ መስመር ዳር ቆሞ ልጆች ላይ ሲጮህ አየሁት። ሰው ሊያጽናናው ሲጠጋ ዘወር ብሎ የልምምድ ምልክት የሚሆኑትን ኮኖች መደርደር ይጀምራል።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩበት። እኔ አባቴን ያልቀበርኩት ወረቀት ስላልነበረኝ ነው፤ ወጥቼ መመለስ አልችልም ነበር። እሱ ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ትኬት የሚያጣም ሰው አይደለም። ያን ቀን በልቤ ድንጋይ ነው ብዬ ፈረድኩበት። ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ ቴፔን መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

ታናሽየው ሲመለስ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ስለ ቀብሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ብቻ የልምምድ ሰዓት ሲነሳ ተቃወመ፣ የማልያ ቀለም ሲነሳ ተቃወመ፣ በመጨረሻም የልጆቹን እኩሌታ ይዞ ቤቱ ወዳለበት ወደ ዉድበሪ ሄደና ሌላ ሜዳ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። እዚያ ዘጠኝ ልጅ፣ እዚህ ስምንት ልጅ። የበጋው ውድድር አሥራ አንድ ይፈልጋል። አንድ ክለብ ሞቶ ሁለት ግማሽ ክለብ ቀረ፤ ግማሽ ክለብ ደግሞ ዓመት አይሞላውም። ይህን የማውቀው ሁለት ቸርች ዓይኔ እያየ ሲሰነጠቅ አይቼ ነው።

በክረምቱ ታናሽየው ልቡን ታሞ ኦፕራሲዮን ሆነ። ታላቅየው ሊጠይቀው አልሄደም። እኔ ግን ዱላ ልመልስለት በሄድኩ ቁጥር፣ ዓይኑን ከዱላው ሳይነቅል “ያኛው እንዴት ነው?” ይለኛል። ደህና ነው እለዋለሁ። መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርግና ይገባል።

ሚያዝያ ላይ ልጄ ከልምምድ ስትመለስ መኪና ውስጥ አለቀሰች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የልብ ጓደኛዋ የዉድበሪው ቡድን ውስጥ ቀርታለች። “ዳድ፣ ዊ ዶንት ሃቭ ኤ ቲም” አለችኝ፤ ቡድን የለንም ማለቷ ነው። ይህች ልጅ በአባቷ አገር ቋንቋ የማታለቅስ ልጅ ናት፤ የገባኝ ግን ገብቶኛል። በዚያው ሳምንት ሁለቱንም ለየብቻ አነጋገርኳቸው። ታላቅየው፣ “ሜዳው የት እንደሆነ ያውቃል” አለኝ። ታናሽየው ደግሞ፣ “መቃብሩ የት እንደሆነ ያውቃል” አለኝ።

ከዚህ በላይ እኔ ብቻዬን የምችለው አልነበረም። የቀረኝ ወደ ታላቅየው ሽማግሌ መላክ ነው። የቸርቻችንን ሽማግሌ ለመንኩ፤ ሰባውን ያለፉ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤቴ ነው፤ የትራክ ሾፌር፣ ኦሮሞ፣ ሙስሊም፤ ልጁ ከእኔ ልጅ ጋር ትጫወታለች። ሥርዓቱን ሦስታችንም እናውቀዋለን። ለሽምግልና የሄደ ሰው ቁጭ በሉ ሲባል አይቀመጥም፤ የመጣበት ነገር እሺ እስኪባል ቆሞ ይለምናል። ልጄ ስትሰማ ደነገጠች። ሰው ቤት ሳይደወል አይኬድም፣ ቢያንስ ቴክስት አድርግለት አለችኝ። ቴክስት የሚደረግለት ሽምግልና አለ ወይ ብዬ ተቆጣኋት። ቢደወልለት አትምጡ እንደሚል አውቃለሁ።

ቀኑ እሁድ ሆነ። ሽማግሌው አገልግሎት አላቸው፣ ጎረቤቴ በሁለት ሰዓት ሺፍት ይገባል። ስለዚህ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንሂድ ተባለ። ሦስታችንም ጥቁር ሱፍ ለበስን፤ የክብር ልብሳችን እሱ ነው።

መኪናዬን ሳስነሳ ጎረቤቴ ፈራ ተባ እያለ፣ “ወንድሜ፣ ይሄ ሰዓት ጥሩ ነው?” አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። በእኛ አገር በዚህ ሰዓት ሰብሰብ ብሎ በር የሚያንኳኳ መርዶ የያዘ ሰው ነው። የአባቴን መርዶ የነገሩኝ እኒሁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኢገን፣ በሬ ላይ፣ ገና ሳይነጋ። በሩን ስከፍት ጎን ለጎን ቆመው አየኋቸው፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ አባቴ መሞቱን አወቅሁ። ግን ለጎረቤቴ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፤ እሱ ፈረንጅ ነው፣ የእነሱ መርዶ በስልክ ነው፣ ምን ያውቃል። ሽማግሌውም ልክ ነው አሉ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተማክረን የወሰንነው ይህንን ነው።

ታላቅየው የሚኖረው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው። ሣሩ በጤዛ ርሷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ደወሉን ደወልኩ። እየቆየ የእግሩ ኮቴ ተሰማ፤ በሩን በፒጃማና በነጠላ ጫማ ሆኖ ከፈተ። እኔን አየ፣ ቀጥሎ ሽማግሌውን አየ፣ ቀጥሎ ጎረቤቴን አየ። ከዚያ ልብሳችንን አየ።

እንደምን አደርክ ልል አፌን ስከፍት የበሩን መቃን ያዘ።

“መቼ ነው?” አለኝ።

አልገባኝም። ምኑ መቼ እንደሆነ ልጠይቀው ስል ቀስ እያለ ወርዶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። “ብቻውን ነበር?” አለ። “ልቡ ነው? ብቻውን ነበር?”

ያኔ ገባኝ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። አጠገቡ ተንበርክኬ ወንድምህ ደህና ነው፣ ማንም አልሞተም፣ በሕይወት አለ እያልኩ በሁለት ቋንቋ ለፈለፍኩ። መጀመሪያ አልሰማኝም፤ ሲሰማኝም አላመነኝም። ጎረቤቴ ትከሻውን ይዞ ወላሂ ደህና ነው አለው። ሰውየው ፊቱን በእጁ ሸፈነና አለቀሰ። ባለፈው በጋ ሜዳ ዳር ቆሞ ያላለቀሰውን፣ ያን ጠዋት ደፉ ላይ አለቀሰው።

ትንሽ ሲረጋጋ ተቆጣ። ታዲያ በዚህ ሰዓት ጥቁር ለብሳችሁ ምን ልትሠሩ መጣችሁ አለን። መቆጣቱ ተገቢ ነው። ያሰብነው ንግግር ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ሽማግሌው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቀስ ባለች እንግሊዝኛቸው፣ ከወንድምህ እንድትታረቅ ልንለምንህ ነው የመጣነው፣ እሺ እስክትለን አንቀመጥም አሉት። እሱም ቀና ብሎ አያቸውና ማን ተቀመጡ አላችሁ አለ።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። አባቱ የሞተው እሱ ልጅ ሳለ ነው። ሥራ ላይ አደጋ ደርሶበት ሦስት የሰፈር ሰዎች በማለዳ ሜዳውን አቋርጠው መጡ። እናቱ በመስኮት አይታቸው፣ ገና አጥሩ ጋ ሳይደርሱ ሽርጧን ፈታች። አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ በሩን ልትከፍት ሄደች። እሱ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ሁሉንም ያይ ነበር።

“እዚያ ቤት ገብቼ ያንን ሽርጥ ተሰቅሎ ማየት አልቻልኩም” አለን። “ግጥሚያው ባይኖር ሌላ ነገር እፈልግ ነበር።”

መርዶን የማያውቅ ፈረንጅ ነው ያልኩት ሰው ይህ ነው። ዓመት ሙሉ ድንጋይ ነው ብዬ ስፈርድበት የኖርኩት ሰውም ይህ ነው። ይቅርታ ልለው ፈልጌ እንግሊዝኛው ጠፋኝ። እጄን ሰጠሁት፣ ይዞኝ ተነሳ። ጫማ ሊቀይር ይገባል ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብሎ ወደ መኪናዬ ሄደና የፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግረን ወደ ዉድበሪ አመራን። ሽማግሌው ከኋላ ሆነው በለሆሳስ ይጸልያሉ፤ ጎረቤቴ ሰዓቱን ያያል። እኔ በሁለት እጄ መሪውን ይዤ፣ ሰውየው ሐሳቡን እንዳይለውጥ ቀይ መብራት እንኳ እንዳይዘን እየፈራሁ ነዳሁ።

ታናሽየው ቤት ስንደርስ ከስህተታችን ተምረናል፤ ሦስታችንም መኪናው አጠገብ ቀርተን ብቻውን ላክነው። በነጠላ ጫማው ሣሩን አቋርጦ ሄደ። ደወሉን ሳይነካ በሩን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

የከፈተው ታናሽየው ራሱ ነው። ወንድሙን አየ፤ ፒጃማውንና የራሰውን ጫማ አየ። ከዚያ ከትከሻው በላይ ጥቁር ለብሰን የቆምነውን እኛን አየ። ፊቱ ሲለወጥ እኛ ካለንበት ይታያል።

“ማን ሞተ?” አለ።

ታላቅየው የበሩን መቃን ያዘ። 

“እማዬ” አለ።

ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንት ነው የቀራት። ታናሽየው ከበሩ ወጣ፤ በባዶ እግሩ ነው። አንገቱን አቅፎ ወደ ውስጥ አስገባው። በሩ ሳይዘጋ ቀረ፤ የሁለቱ ወንድማማቾች ልቅሶ እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማል።

የዉድበሪ ልጆች ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ድሮው ሜዳ ተመለሱ፤ ያን ማለዳ ግን ክለቡን ያነሳ ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ስልኩን አወጣና ለሥራ ኃላፊው ደወለ። ልቅሶ ቤት ነኝ፣ አልደርስም አለው። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ታናሽየው ዓይኑ እንደቀላ በሩ ላይ ብቅ ብሎ በእጁ ጠራን፤ ግቡና ተቀመጡ አለን። ገብተን ተቀመጥን።