በመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳ የተደበቀው መለኪያ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የሆነ ነው። ስለ እናቴ ሲነሳ እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ የማወራው ይህንኑ ነው።

እናቴ አስኮ በምትገኘው ቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜውን ጾም ጸሎት ትመራለች። ስኳር እንዳለባት ግን ከእኔና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሟ "እርስዎ መጾም የለብዎትም፤ በየቀኑ እየለኩ በሰዓቱ ይብሉ" ስላላት ቁርሷን በልታ ትመጣለች። የስኳር መለኪያዋን ደግሞ ዚፕ ባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቃለች። "የምታስጾመን ሴትዮ ራሷ በልታ ነው የምትመጣው ቢሉኝ የት እገባለሁ?" ትለኛለች። ንገሪያቸው ብዬ ስንት ጊዜ ጨቀጨቅኳት፤ መቼ እሺ ብላ!

አንድ ቅዳሜ ጸሎቱ እንደ ጋለ ታደለች የምትባል ጎረቤታችን መንቀጥቀጥ ጀመረች። ላብ አጠመቃት፤ የምትናገረውም አይያዝም። "መንፈስ ነው!" አለ አንዱ። ወዲያው ከበቧት። "በኢየሱስ ስም ውጣ!" የሚለው ጩኸት አዳራሹን ሞላው።

እናቴ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ገባችና እጇን ያዘቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳሰበች ገባኝ፤ ያ ቦርሳ ከተከፈተ የደበቀችው ሁሉ አብሮ ይወጣል።

ከፈተችው።

"ዘወር በሉ እስቲ፣ አየር ስጧት! እኔም የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ ይሄን ላብ አውቀዋለሁ።"

የታደለችን ጣት ወግታ ለካች። ስኳሯ በጣም ወርዷል። ለካ ታደለችም ደብቃ ኖሯል፤ ጠዋት ኢንሱሊኗን ተወግታ በባዶ ሆዷ ለጾም መጥታለች። እናቴ ለክፉ ቀን የያዘችውን ስኳር በውሃ በጥብጣ ቀስ እያደረገች አጠጣቻት። ጥቂት ቆይቶ ዓይኗ ጠራ፤ "ምን ሆኜ ነው?" አለች።

ፓስተራችን ወደ እናቴ ዞረ።

"እትዬ ብርቄ፣ ለምን ደበቁን?"

"ሰው ይታዘበኛል ብዬ ነዋ።"

ትንሽ አቀረቀረና፣ "እንግዲህ እየጸለይን እንለካለን" አለ። ሁሉም "አሜን!" አሉ። ታደለችን ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ሄደች። ስድስት ሰዓት ሲሆን በሰው ሁሉ ፊት ለካች፣ በላች፤ ታደለችም ከጎኗ ሆና በላች። ከዚያ እናቴ አፏን ጠራርጋ ተነሳችና እንደ ወትሮው ጸሎቱን መራች። እኔ ጮኼ አሜን የምል ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን ግን ድምፄ እስኪዘጋ አልኩ።

አሁን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ባይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ።