መሞት የነበረበት ቲማቲም

ጀንነት ገበያ የምትወጣው የራሷን የኪሎ ብረት በቦርሳዋ ይዛ ነው። ሻጩ በራሱ ብረት መዝኖ ሲጨርስ የሷን ታወጣና «እስቲ አሁን ደግሞ በዚህ» ትላለች። ጁባ ውስጥ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለን ሐበሾች ስለሷ የማናወራው የለም። ባሏ ሙደሲር ሲያስነጥስ ለማን ብሎ እንዳስነጠሰ ትጠይቀዋለች ይባላል። እሱም አይክድም፤ «ከአቧራው ነው ብላት አላመነችኝም» ይላል፣ ሱቁ ውስጥ ሳሙና እየደረደረ።

ዝም ብሎ ማማት ግን ግፍ ነው። ከአጋሮ ባሏን ተከትላ ጁባ ስትገባ ይህ ዓመል አልነበራትም፤ ያስያዛት ቲማቲም ነው። በጅምላ ከሚያከፋፍለው ከከቢር በሣጥን እየተረከበች ትቸረችር ነበር። የከቢር ቲማቲም ከኡጋንዳ በኒሙሌ ድንበር በኩል በጭነት መኪና ይመጣል። ከላይ የተደረደረው ፎቶ ሊነሳ የተሰናዳ ይመስላል፣ ከሥር ያለው እጅ ሲነካው ይፈሳል። ስታማርር «ጀኒ፣ መንገዱ ነው» ይላታል። መንገዱ የላዩን ምሮ የሥሩን ብቻ የሚያበሰብሰው ለምን እንደሆነ ግን ነግሯት አያውቅም። አንድ ቀን ሣጥኑን ደጃፉ ላይ ገለበጠችና «ከዛሬ ጀምሮ ራሴ አበቅላለሁ!» ብላው ሄደች።

የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግራ ጉምቦ፣ ወንዙ ዳር፣ የማማ ኪደንን መሬት ተከራየች። ማማ ኪደን የአገሩ ሰው፣ የባሪ ጎሣ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ፍየል ያረባሉ፤ ሲስቁ ወንዝ ማዶ ይሰማል። በጁባ ዓረብኛ ይግባባሉ፤ እሳቸው «ሐበሺያ» ይሏታል፣ እሷ «ማማ» ትላቸዋለች። የመጀመሪያው ምርት ከቢርን እንቅልፍ ነሳው።

በቀጣዩ ወቅት ግን ቲማቲሙ ታመመ። የታችኛው ቅጠል በአንድ ወገን ብቻ ቢጫ ይሆናል። ተክሉ ቀን ይጠወልጋል፣ ሲመሽ ቀና ይላል፤ ተሻለው ሲባል ቆሞ ይደርቃል። ጀንነት አንድ ሰው ጨው አፍስሶብኛል አለች። የትኛው ሰው እንደሆነም አልቸገራት፤ ከቢር ዘንድ ሄደች።

«ጀኒ ሙች፣ የኔ ቲማቲም ድንበር ተሻግሮ ይኖራል፣ ያንቺ ድልድይ ሳይሻገር ይሞታል» አላት። «እኔ ምን ላርግሽ?»

በዓመቱም ያው ሆነ። በዚህ መሃል ጡብ ሠሪዎች መጥተው መሬቱን ከማማ ኪደን ጠየቁ። የማማ ወንድም «ስጫቸው» ይላል። ማማ «ሐበሺያ ዘንድሮ ከተሳካላት መሬቱ የሷ ነው፣ ካልተሳካላት ግን ወንድሜን ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?» አሉ። ለጀንነት ይህ ማለት ተመልሳ ከቢር ደጅ ሣጥን መረከብ ማለት ነው። ከዚያ ወንዙ ይሻለኛል ብላለች አሉ።

ባምላክ የሚባል የግብርና ባለሙያ የመጣው ያኔ ነው። ኮሎሎ ሰፈር የሚኖር፣ ኤንጂኦ ውስጥ የሚሠራ፣ ለስላሳ ልጅ ነው። የደረቀ ግንድ ነቅሎ በቁመቱ ሰነጠቀው። ውስጡ ላይ ቡናማ መስመር ከሥር እስከ ላይ ይሄዳል።

«ፈንገስ ነው። የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው። በሥሩ ይገባና ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። ተክሉ ውሃ ዳር ቆሞ በጥም ይሞታል።»

«ማን አስገባብኝ?»

«በችግኝ ሊመጣ ይችላል፣ በጫማ፣ በዶማ...»

«በማን ዶማ?»

ባምላክ ሳቁን ዋጠ። መድኃኒት የለውም፣ መፍትሔው በሽታውን የሚችል ዝርያ መፈለግ ነው አላት። ጀሪካን በግማሽ እየቆረጡ ከታመመው መሬት ጥቁሩን አፈር ይሞሉበታል። ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች ይተክላሉ፣ ከጎናቸውም እሷ ስትተክለው የነበረውን አሮጌውን።

«አሮጌው ደግሞ ምን ይሠራል?»

«እንዲሞት ነው። እሱ ካልሞተ አፈሩ መታመሙን በምን እናውቃለን? ሁሉም ከዳነ ማንም አልተፈተነም ማለት ነው፤ ይረዱኛል?»

ማታ ለሙደሲር ነገረችው። «እንዲሞት ብሎ የሚተክል አይተህ ታውቃለህ? ደግሞ 'እርስዎ' ነው የሚለኝ። ሐበሻ እርስዎ እያለ ካዋራህ የሚሸጥልህ ነገር አለው ማለት ነው።»

«አክብሮሽ ይሆናላ።»

«ለምን ያከብረኛል?»

ቢሆንም ተከለች። የተረፉትን የአሮጌውን ችግኞች መጣል አሳዝኗት ለማማ ኪደን ሰጠቻቸው፣ እሳቸውም ደጃቸው ላይ ተከሏቸው። የባምላክ አለቆች አንድ ቀን ሊጎበኙ እንደሚመጡም ያኔ ነገረቻቸው። ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ጀሪካን ውስጥ ካለው አሮጌ ዝርያ አንዱ የታችኛው ቅጠሉ በአንድ ወገን ቢጫ ሆነ። ጀንነት አልሐምዱሊላህ አለች። ቢጫ ቅጠል አይቶ ፈጣሪውን ያመሰገነ ገበሬ ከሷ በፊት አልሰማንም።

ዓርብ ዓርብ ጉምቦ አትሄድም፤ ሃይ ማላካል ከባሏ ጋር ነው የምትውለው። ቅዳሜ ስትመለስ ቢጫው ቅጠል የለም። ተክሉ ለምልሞ ቆሟል። በሳምንቱ ሌላው ቢጫ ሆነ፣ ቅዳሜ እሱም ድኖ ተገኘ።

ባምላክ ግራ ገባው። «አፈሩ በሽታውን ለቆ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ የትኛውንም ይትከሉ ልልዎት አልችልም። አለቆቼ ደግሞ ሊጎበኙ እየመጡ ነው።»

ጀንነት መጠርጠር የምታውቀውን ያህል ጠረጠረች። መጀመሪያ ባምላክን፤ ዘሩን ቀይሮብኛል፣ የኩባንያ ሰው ነው አለች። ቀጥሎ ከቢርን፤ ዓርብ ዕለት ከጉምቦ በቦዳቦዳ ሞተር ሲመለስ ታይቷላ! ጠየቀችው።

«ፍየል ገዝቼ ነው።»

«ከማን?»

«ከማማ ኪደን። ፍየሏን ላምጣልሽና ጠይቂያት?»

«ታርዳለች እኮ።»

«እንግዲህ ምስክሬ ሞታለች» ብሎ ሳቀባት። ሳቁን ደግሞ ከምንም በላይ ጠረጠረችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሻርፗ ጫፍ አረንጓዴ ክር መዘዘች፤ በእያንዳንዱ አሮጌ ተክል ግንድ ላይ፣ ከቅጠል ሥር ደብቃ፣ የጆንያ አፍ በምትቋጥርበት ቋጠሮ አሰረች። ዓርብ እንደልማዷ ቀረች። ቅዳሜ ስትመጣ ክሩ ሁሉም ላይ አለ። ጎንበስ ብላ አየችው። አንዱ ቋጠሮ የሷ አይደለም። ክሩ የሷ ነው፣ ቋጠሮው ግን ፍየል የሚታሰርበት ነው።

ማማ ኪደን ፍየሎቻቸውን እያሰሩ ነበር። ጀንነት ሰላምታም ሳትሰጥ የአንዷን ፍየል አንገት ይዛ ገመዱን ትመረምር ጀመር።

«ሐበሺያ፣ ልትገዣት ነው?»

«ማማ፣ ዓርብ ዓርብ ቲማቲሜ ጋ ይመጣሉ?»

ማማ ኪደን ሳቁ። ጀንነት አልሳቀችም። እሳቸውም ሳቃቸውን አቋረጡ።

«ታዲያስ? እንግዳ ይመጣል አላልሽኝም? እንግዳ እየመጣ ሬሳ በር ላይ ይተዋል እንዴ? የታመመ በታመመ ቁጥር እያነሳሁ ጤነኛውን ተካሁልሽ። አለቆቹ የሞተ ካዩ ባለሙያውን ልጅ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል፣ አንቺም ትሄጃለሽ፣ ለኔ የሚተርፈኝ የጡብ ሠሪዎቹ ጉድጓድ ነው። ፍየሎቼ የሚሰበሩበት ጉድጓድ!»

ጀንነት በቃል የምታምን ብትሆን ኖሮ እዚህ ላይ ታቅፋቸው ነበር። ሄዳ ቋጠሮው የተቀየረበትን ጀሪካን ገለበጠችው። በጥቁሩ አፈር መሃል፣ ሥሩን የከበበ ቀይ ጓል ወጣ፤ የማማ ኪደን ደጅ አፈር ነው። የሰጠቻቸው ችግኞች እኩያ ስለሆኑ ማን ይለያቸው?

«የታመሙትስ የት ተጣሉ?»

«ሕመምተኛ ይጣላል?» ተቆጡ ማማ። ይዘዋት ሄዱ። ጤነኞቹ ከወጡበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ከባሚያው አጠገብ፣ የታመሙት ተተክለዋል። ማማ ሌላ ሰው ሳያይ ውሃ ሲያጠጧቸው ከርመዋል። አንዱም አልዳነም፤ በረድፍ ቆመው ደርቀዋል።

ባምላክ ስልክ ተደውሎለት መጣ። ቢላዋ ሲያወጣ ጀንነት «በኔ» ብላ የራሷን ሰጠችው። የሞቱትን ሰነጠቀ፤ ቡናማ መስመር። ወደ ጀሪካኖቹ ሄዶ ከአዲሶቹ ዝርያዎች ቆረጠ። የአንደኛው ላዩ ለምለም ነው፣ ውስጡ ግን ቡናማው ጀማምሮታል። የሌላኛው ከጫፍ እስከ ሥር ንጹሕ ነው። ሌላም ቆረጠ፣ ሌላም፤ ንጹሕ።

«ሪፖርት ላይ ላሰፍረው አልችልም» አለ። «ፈተናው ተነካክቷል፣ እንደገና መጀመር አለብኝ።»

«አንተ ጀምር። እኔ የምተክለውን አይቻለሁ።»

ባምላክ ግን ዓይኑ የማማ ኪደን ደጅ ላይ ቀረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ነገራት፤ «እዚህ ደጅ በሽታው ገብቷል። ለዓመታት አይለቅም። ድሮ የሚተክሉት ዓይነት ቲማቲም ከእንግዲህ እዚህ አይሆንላቸውም።»

ማማ ኪደን ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። «ምን አለሽ?»

የሰማውን ሰው ሁሉ ያስገረመው ጀንነት ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነው። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም» ብትላቸው ያልቃል። ባምላክ ዓረብኛ አይችልም፤ ማማ አማርኛ አይሰሙም። ከተናገረች ደግሞ መሬቱ እጇ ላይ ገና አልጸናም፤ ጡብ ሠሪዎቹ አሉ፣ ወንድምየው አለ።

አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመችላቸው።

ማማ ኪደን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ከማን አፈር ነው የመጣው?»

«ያመጣው የርስዎ እጅ ነው። አፈሩ ግን የኔ ነው።»

ከባሚያቸው አጠገብ ተቀምጠው አንዱን የሞተ ተክል ነቀሉና ሥሩን አገላብጠው አዩ። ጀንነት መልሱን ከፊታቸው ላይ ለማንበብ ብትሞክር አልቻለችም። በመጨረሻ «ለወንድሜ መሬቱ ተይዟል እለዋለሁ» አሉ። «የማትዋሺኝ ተከራይ ከየት አመጣለሁ? ነገር ግን ሐበሺያ፣ እኔም ከእንግዲህ ዓይኔን አልከድንም።»

ዝናቡ ሲጀምር ጀንነት ንጹሑን ዝርያ ተከለች፤ የመጀመሪያውንም ረድፍ ለማማ ኪደን ደጅ ሰጠች። ማማ የተቀበሉት ግን እንዲሁ አይደለም። ደጃቸው ላይ ውሃ የሞላ ሣፋ አስቀመጡ። ጀንነት ከመሬቷ ስትመጣ ዶማዋን እዚያ ታጥባለች፣ ጫማዋንም ታጥባለች። ማማ ኪደን ከፍየሎቻቸው መሃል ቆመው ያያሉ። ሙደሲር ወሬውን ሰምቶ አላመነም፤ ሱቁን ዘግቶ በዓይኑ ሊያይ ተሻገረ።

«ያንን እግርሽንም» ይላሉ ማማ። «አንሺው። አዙሪው። ተረከዙ ላይ ምንድነው እሱ?»

ጀንነትም በአንድ እግሯ ቆማ፣ የማማ ኪደንን አጥር ይዛ፣ ተረከዟን ታሳያቸዋለች።