ከመሳቢያው ያወጣሁት ብሎን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ሙዘይን መበየጃ አላስነካኝም። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጨርሼ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ካለው ቤታችን ወርጄ፣ ጉርድ ሾላ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የነበረው የስልክና የጌም መጠገኛ ሱቁ ስደርስ ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር። አንድ የተሰበረ የእጅ ጌም ሰጠኝና «ፍቺው፣ መልሰሽ ግጠሚው» አለኝ። ገጠምኩት። «እንደገና» አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባት ጊዜ ፈታሁት።

ከሰዓት በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ቁልፎቹን እንድጫን አደረገኝ። ከቁልፉ ሥር ያለው ስዊች ደህና ከሆነ ሲጫኑት ጠቅ ይላል። የሞተው ዝም ይላል። ሊሞት የደረሰው ደግሞ ጠቅ ይላል፣ ግን ይዘገያል። ያንን ለመለየት አንድ ወር ፈጀብኝ።

ሱቁ ውስጥ ደረጃ ነበረን። አዲስ ገቢ ፈቺ ነው። ቀጥሎ አጣቢ ይሆናል፤ ቦርዱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ያጸዳል። በያጅ የሚሆነው ከዓመት በኋላ ነው። ሌሎቹ ሦስት ሠራተኞች ስልክ ጥገና ላይ ነበሩ። የጌም ስዊች ጥቃቅን ስለሆነ ማንም አይወደውም፤ በሁለተኛው ዓመት የጌም ጥገናው ወንበር የኔ ሆነ።

ስዊቹ የሩዝ ፍሬ ያህላል። እግሮቹን የያዘውን እርሳስ በሞቃት አየር አቅልጬ በወረንጦ አነሳዋለሁ፤ ቦታውን አጽድቼ አዲሱን እበይዳለሁ። ሲጫኑት ቴስተሩ፣ የኤሌክትሪክ መፈተሻው፣ ጮኾ ሲለቁት ዝም ካለ ተሳክቷል። ሙቀቱ ከበዛ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ካነሰ የያዘ መስሎ በሳምንቱ ይለቃል።

ደንበኞች ስዊቹ እንዴት እንደተሰበረ እውነቱን አይናገሩም። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ «ወደቀብኝ» ብላ ያመጣችው ጌም ጠርዙ ላይ የግድግዳ ቀለም ነበረበት። አልጠየቅኳትም። የእኛ ሥራ መጠገን ነው።

ናሆም የመጣው በአራተኛው ዓመቴ፣ ክረምት ላይ ነው። መሪ ኮንዶሚኒየም ከታላቅ እህቱ ጋር የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሁለት ቀን ጠፍቶ የቆየው መብራት የመጣ ዕለት ስለነበር ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። የጌሙ የቀኝ ላይኛው ቁልፍ ሞቷል።

«እህቴ፣ ፕሊስ፣ ነገ ውድድር አለን» አለኝ። «እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

በአርባ ደቂቃ ቀየርኩለት። ጀርባውን ስገጥም አንድ ብሎን ከወረንጦዬ አምልጦ ወደቀ። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ፈለግኩ፤ የለም። ናሆም ሰዓቱን ያያል። ከኋላው ሌሎች ቆመዋል። የአሮጌ ብሎኖች መሳቢያ ነበረን፤ ከዚያ ጥርሱ የሚገጥም አወጣሁ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ተቋቋመኝ። ካቻቪቴውን ግማሽ ዙር ጨመርኩበት፤ ገባ።

ናሆም ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነውና ሳቀ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ» ብሎኝ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን እህቱ ትዕግሥት መጣች። የያዘችውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን።

«እዚህ ነው የተሠራው?» አለች።

ጋሽ ሙዘይን ከወንበሩ ተነሳ። «ምን ሆነ እህቴ?»

«እጁ ላይ ፈነዳ። ፊቱም፣ አንገቱም ተቃጥሏል። ስለ ቀኝ እጁ ሐኪሞቹ እስካሁን ምንም አላሉንም።»

«ቻርጀር ላይ ሰክቶት ነበር?»

«አዎ፣ እየተጫወተ ነበር።»

«እስቲ ተዪልን፣ ከፍተን እንየው» አላት። የስልክ ቁጥሯን ጽፋ ሄደች።

ጀርባውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ብሎኖቹ ሁሉ አጭር ናቸው፤ አንዱ ብቻ ይረዝማል። ጫፉ፣ የቀለጠው ባትሪ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ብሎን ነው» አልኩ።

«የማን ብሎን?»

«የኔ። ዋናው ጠፍቶብኝ ከመሳቢያ አወጣሁ።»

ጋሽ ሙዘይን በወረንጦ ይዞ በማጉያው ብዙ አየው። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ያየነው አንቺና እኔ ነን» አለኝ። «ከዚህ ሱቅ አምስት ቤተሰብ ነው እንጀራ የሚበላው። ቻርጀሩ ነው እንላለን። የልጁ እጅ እንደሆነ አንቺ ብትናገሪም አይመለስም።»

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። በማግስቱ ለትዕግሥት ሲደውል አጠገቡ ተቀምጬ ሌላ ስዊች እበይድ ነበር። «ቻርጀሩ ነው እህቴ፤ ገበያው በሐሰተኛ ቻርጀር ተሞልቷል» ሲላት ሰማሁ። ስዊቹን ሳላጣምም በየድኩት። አሁን ድረስ ሳስታውሰው የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ሁለት ቀን ቆይታ ጌሙን ልትወስድ መጣች። እንቅልፍ ያየች አትመስልም። ፌስታሉን ስሰጣት ተቀብላኝ አልሄደችም።

«ቻርጀሩን የገዛሁለት እኔ ነኝ» አለች። «ዋናው ውድ ነው ብዬ ነው። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

ጋሽ ሙዘይን ቀና ብሎ አየኝ።

«ቻርጀሩ አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ። ረጅም ብሎን አስገብቼ ባትሪውን ወጋሁት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ደግሜ ነገርኳት፤ ብሎኑንም አሳየኋት። ትዕግሥት ጋሽ ሙዘይንን ዞራ አየችው። «እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለችው። አንገቱን ደፋ። እሷ አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ናሆምንም ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ከእንግዲህ አይታጠፉም ብለውታል ሐኪሞቹ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ኮርኒሱን እያየ፣ «ስዊቹ አሪፍ ሠርቶልኝ ነበር» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ሁለተኛ አልሄድኩም።

ጋሽ ሙዘይን አላባረረኝም፣ አላናገረኝምም። ወሬው ጉርድ ሾላን አዳረሰ። ደንበኛ ቀረ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሱቁ ተዘጋ። ስልክ ስትጠግን የነበረችው ገነት ለወራት ሥራ አጥታ ቆየች። ታክሲ ተራ ላይ ብንገናኝ ሰላም አትለኝም። አልፈርድባትም።

ዛሬ ለብቻዬ እሠራለሁ። ስዊች ሲሞት አሁንም እቀይራለሁ፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ብሎን ከጠፋ ቀዳዳው ባዶ ይቅር፤ አንድ ብሎን እንደጎደለም ለባለቤቱ ንገሩት።