አያ ምሥጋናው የነፋው ጥሩምባ

አያ ምሥጋናው ከገነተ ማርያም በታች ባለው መንደራችን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቅሬውን ጥሩምባ የነፋ ሰው ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ጥሩምባው ሲሰማ የያዝነውን ጥለን እንሮጣለን። ሰው ሳይሞት ነፍቶ አያውቅም።

በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የዓለም መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ሊመክሩ ነው ተባለ። ማኅሌት የምትባል ልጅ የየመንደሩን ቃል ጽፋ፣ አሻራ አስደርጋ ለመላክ ከላሊበላ መጣች። ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራች። ያኔ ስብሰባ አንገፍግፎን ስለነበር አንድም ሰው አልሄደላትም።

በአራተኛው ቀን አያ ምሥጋናው ጥሩምባውን ነፋ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ዶማና አካፋ ይዘን ደረስን።

«ማን ሞተ?» አልነው።

«የታች ሠፈሩ ምንጭ» አለ።

እውነቱን ነው፣ ምንጩ ደርቋል። ቢሆንም ሊደበድበው የቃጣ ነበር። ግን ለልቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ አይመለስምና ተቀመጥን። ማኅሌት የሩቅ አገር ፋብሪካ ጭስ ዝናባችንን እንዴት እንዳዛባው አስረዳችን።

የቅሬው ዳኛ በጥሞና ሲሰሙ ቆይተው፣ «እነዚህ ባለፋብሪካዎች መርዶው ደርሷቸዋል?» ብለው ጠየቁ።

«ደብዳቤው ለዚያ ነው» አለች።

«እንግዲያው ጻፊ። በቅሬያችን ሕግ፣ ለጎረቤቱ ቀብር ያልመጣን ሰው እኛም አንቀብረውም።»

ማኅሌት እስክሪብቶዋን አቆመች። «ትንሽ ብናለሰልሰው ምን ይመስላችኋል?»

«ይለስልስ» አለ አያ ምሥጋናው። «ጥሩምባውን ነፍተንላችኋል በይበት።»